ድሬ ላይ ኪሎ መቀነስ፦ ቀስ እያሉ፣ መሀል ላይ እያረፉ

ድሬ ውስጥ የሰርግ ሰሞን ሲመጣ የማይቀር ነገር አለ። ሰርጉ 3 ሳምንት ሲቀረው የሙሽራዋ እህት ወይ ሚዜዋ ትነሳና ቁርስ ተውኩ ትላለች፣ በሳምንቱ እራትም ትተዋለች፣ ከዛ ሎሚ በሙቅ ውሃ ብቻ ይሆናል፣ ቀሚሱ ይገባላታል፣ ፎቶውም ያምራል፣ እና ሰርጉ ካለፈ 2 ወር ሳይሞላ ያው ቀሚስ ዚፑ አልዘጋ ይላል። ሰው ደግሞ "አቦ አልቻለችም፣ አፏን መያዝ አቃታት" ይላታል። አፏ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው አወራረዱ ነው፣ ተንደርድሮ የወረደ ኪሎ ሲመለስም ተንደርድሮ ነው።

እኔ የማምንበት ነገር ሁለት ነው። አንደኛው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መቀነስ። ሁለተኛው ደግሞ ገና ሳትጀምሩ "የማርፈው መቼ ነው" የሚለውን ካላንደር ላይ ምልክት ማድረግ። ሁለተኛውን ሰው አይሰራውም፣ ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ፍጥነቱ። ልኩ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ነው፣ ወይም ከክብደታችሁ ከ0.5 እስከ 1 ፐርሰንት። 84 ኪሎ የሆነች ሴት በሳምንት ከ420 እስከ 840 ግራም ብታወርድ ጥሩ እየሄደች ነው ማለት ነው። 62 ኪሎ የሆነ ሰው ግን በሳምንት 1 ኪሎ ላውርድ ካለ ከልኩ አልፏል፣ ለሱ ከ300 እስከ 600 ግራም ይበቃዋል። ይሄ እንዲመጣ በቀን ወደ 500 ካሎሪ መቀነስ አለባችሁ፣ ከፊሉን ከሳህን ከፊሉን በእግር። ከዛ በላይ ጨክናችሁ ስትቆርጡ ሰውነት ስብ ብቻ አይደለም የሚሰጣችሁ፣ ጡንቻም ይሄዳል፣ ጡንቻ ሲሄድ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ የምታቃጥሉት ካሎሪ ይቀንሳል፣ ለዛ ነው ስትመለሱ ያው ምግብ ከበፊቱ በላይ የሚያወፍራችሁ። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች የሚባል ነገርማ ሀኪም እየተከታተለ ካልሆነ በጭራሽ አይሞከርም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ውሸታም ነው። 2 ኪሎ፣ አንዳንዱ 3 ኪሎ ይወርድለታል። ሰውነት ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚያስቀምጠው ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለ፣ 1 ግራሙ ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ምግብ ስትቀንሱ ክምችቱ ያልቃል ውሃውም አብሮ ይወጣል። ስብ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አትጨፍሩ፣ በሶስተኛው ሳምንት 400 ግራም ብቻ ሲወርድ ደግሞ ዳይቱ አልሰራም ብላችሁ አታልቅሱ፣ ትክክለኛው ያኛው ነው።

ውሃ ካልን አይቀር፣ ሆዱ ላይ ፌስታል ጠቅልሎ በላዩ ጃኬት ደርቦ ሳቢያን ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሰው አይታችሁ አታውቁም? ያውም ግንቦት ላይ፣ በዛ ሙቀት! የወጣው ላብ ነው፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ካልጠጣ ደግሞ ራሱን ይስታል። ድሬ ሳንሮጥም ያልበናል፣ ላብ ኪሎ ቢቀንስ ኖሮ እዚህ ከተማ ወፍራም ሰው ባልተገኘ ነበር።

ሚዛኑስ? መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ መመዘን ክፋት የለውም፣ ለልጆቹም ገቢ ነው፣ ግን ዛሬ ከዚራ ሰፈር ምሳ በልታችሁ ጫማ አድርጋችሁ ተመዝናችሁ ሳምንት መጋላ በባዶ ሆድ በሰንደል ጫማ ብትመዘኑ ያገኛችሁት ነገር የሁለት ሚዛን ልዩነት ነው። አንድ ሚዛን ምረጡ፣ የቤት ከሆነ ጠዋት ሽንት ቤት ሄዳችሁ ቁርስ ሳትበሉ፣ የፋርማሲ ከሆነ ሁሌ ያው ፋርማሲ በያው ሰዓት። ቤት ሚዛን ያላችሁ በሳምንት 3 ወይ 4 ቀን ተመዘኑና አማካዩን ያዙ፣ የአንድ ቀኑ ቁጥር በጨው፣ በሆድ ድርቀት፣ ለሴቶች ደግሞ በወር አበባ ምክንያት 1 ኪሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ከሚዛን እኩል የማምነው የሜትር ገመድ ነው፣ እምብርት ላይ በየ2 ሳምንቱ።

አሁን ምን ይቀነስ ወደሚለው። እዚህ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ መጀመሪያ የምትነኩት የምትጠጡትን ነው፣ እንጀራችሁን ተዉት ለጊዜው። አንድ 300 ሚሊ ለስላሳ ውስጥ ወደ 32 ግራም ስኳር አለ፣ 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ወደ 130 ካሎሪ። በሙቀቱ ምክንያት በቀን ሶስት የሚጠጣ ሰው ሞልቷል፣ ሶስቱ ብቻ 390 ካሎሪ ነው፣ ልቀንስ ካልነው 500 ውስጥ አብዛኛው እዛ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው። ሻይ ደግሞ አለ። 3 ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ በቀን 4 ብርጭቆ ማለት 12 ማንኪያ፣ ወደ 190 ካሎሪ። ስኳሩን በአንድ ቀን አትቁረጡት፣ በሳምንት አንድ ማንኪያ እያወረዳችሁ ሂዱ፣ ምላሳችሁ ይለምዳል፣ በወሩ የድሮው ሻይ እራሱ ሽሮፕ ይሆንባችኋል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው፣ ወጥ ሲሰራ ግን በማንኪያ ማን ይለካል፣ ከጀሪካኑ ቁልቁል ነው። ቤት የምታበስሉት እናንተ ከሆናችሁ ለሳምንት ያህል በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ፣ ምን ያህል ስትጨምሩ እንደነበር ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልቶ ዘይቱን መጨረሻ አካባቢ ጠብ ማድረግ ጣዕሙን ያን ያህል አይጎዳውም፣ እማማ ካልሰሙ።

ፈጢራ፣ ሳምቡሳ፣ የባቢሌ ለውዝ... ተዉ አልልም። ፈጢራ የሌለበት አርብ ጠዋት ይከብዳል። ግን ለብቻ አንድ ሙሉ ከማር ጋር ከመብላት ከሰው ጋር ተካፍሎ ከጎኑ ፉል ማዘዝ ይቻላል፣ ፉሉ ፕሮቲንም ፋይበርም አለው፣ እስከ ምሳ ይይዛችኋል። ለውዝ ጥሩ ምግብ ነው፣ ችግሩ እጅ ላይ መቆሚያ የለውም፣ አንድ ጭብጥ፣ 30 ግራም ቢሆን፣ ወደ 170 ካሎሪ ነው፣ እና ማንም አንድ ጭብጥ በልቶ አያቆምም። በስኒ ለክታችሁ ላስቲኩን አስቀምጡት፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

ፕሮቲን ላይ ግን አትሰስቱ። በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም፣ ማለትም ለ84 ኪሎዋ ሴት በቀን 100 ግራም አካባቢ። እንቁላል አንዱ 6 ግራም ነው፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እርጎ፣ ስጋ፣ የግመል ወተት ከተገኘ፣ በየማዕዱ አንድ ነገር ይኑር። በጾም ወቅት እንጀራው እየበዛ ወጡ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው ብዙ ሰው እየጾመ የሚወፍረው። እንጀራውን ሩብ ቀንሳችሁ ምስሩን አንድ ጭልፋ ጨምሩ።

ስለ ጫት ሳይወራ ድሬ ላይ ስለ ዳይት ማውራት አይቻልም መቼም። "ቃሚ አይወፍርም" የሚባል ወሬ አለ፣ ብዙ ወንድም፣ አሁን አሁን ሴቱም፣ በርጫን እንደ ዳይት ይቆጥረዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው፣ ረሃብ ያጠፋል፣ እውነት ነው። ግን ረሃብ መጥፋቱና ምግብ ያለማስፈለጉ አንድ አይደለም። ከሰዓት 8 ሰዓት ተቀምጦ ማታ 1 ሰዓት የሚነሳ ሰው እራት ገፍቶ ይተወዋል፣ ሌሊት 6 ሰዓት ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ፓስታውን ከነድስቱ ነው የሚያገኘው። በመሀል ምንጣፉ ላይ የነበረውን ቁጠሩት፣ ለስላሳው፣ ሻዩ፣ ለውዙ። ጨብሲ ካለበት ደግሞ አንድ ቢራ ወደ 140 ካሎሪ ነው፣ አንድ ቢራ ብሎ ነገር ካለ። ከዛ እንቅልፍ የለም፣ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፣ ያውም የሚያምረው ጣፋጭ ነው። የሚቅም ሰው በዚህ ምክር አይተውም፣ አውቃለሁ፣ ቢያንስ ምሳ ፕሮቲን ያለበት ሙሉ ምግብ በልታችሁ ተቀመጡ፣ ለስላሳውን በውሃ ቀይሩ፣ ራባችሁም አልራባችሁም ማታ 2 ሰዓት ላይ ትንሽ ነገር ብሉ።

እንቅስቃሴ ላይ ብዙ አልልም። የአለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ፈጠን ያለ ወክ ይበቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከዚራ ዛፎቹ ስር የመሰለ ነገር የለም፣ 3 ሰዓት ካለፈ ግን ፀሀዩ ቀልድ አያውቅም። ባጃጅ ከመያዛችሁ በፊት "ይሄ በእግር አይሄድም?" በሉ፣ ማታ ማታ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ክብደት አንሱ ወይ ቤት ውስጥ ፑሽ አፕና ስኳት ስሩ፣ ጡንቻው እንዳይሄድ።

እሺ፣ አሁን ብሬኩ፣ መሀል ላይ የሚደረገው እረፍት ማለቴ ነው።

ሰውነት እየቀነሰ ሲሄድ ዝም ብሎ አያይም። አንደኛ ትንሽ ሰውነት ትንሽ ነው የሚያቃጥለው። ሁለተኛ ሳይታወቃችሁ እንቅስቃሴያችሁ ይቀንሳል፣ ደረጃ መውጣት ያስጠላችኋል፣ ተኝታችሁ ስልክ መነካካት ታበዛላችሁ። ሶስተኛ ሌፕቲን የሚባለው፣ ጠግበናል ብሎ ለአእምሮ የሚናገረው ሆርሞን ይወርዳል፣ ረሃቡ ይጨምራል። በ6ኛው በ8ኛው ሳምንት ላይ ሰው የሚያፈርሰው ለዚህ ነው፣ እና ሲያፈርስ በአንድ ቀን አያቆምም፣ "አንዴ ተበላሽቷል" ብሎ ወር ይሄዳል። ብሬክ ማለት ያንን ማፍረስ ቀድሞ በልክና በቀጠሮ ማድረግ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀንሳችሁ 1 ወይ 2 ሳምንት ኪሏችሁን ባለበት የሚያቆይ መጠን ትበላላችሁ፣ ከዛ ትመለሳላችሁ።

ጥናት አለው ወይ ካላችሁ አለው፣ ግን ሳናጋንን። አውስትራሊያ ውስጥ 51 ውፍረት ያለባቸው ወንዶች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ 16 ሳምንት በተከታታይ ቀነሱ፣ ግማሾቹ 2 ሳምንት ቀንሰው 2 ሳምንት እያረፉ ያንኑ 16 የቀነሳ ሳምንት ጨረሱ፣ እኤአ በ2017 ነው ውጤቱ የወጣው፣ እያረፉ የሄዱት በአማካይ 14.1 ኪሎ፣ ሳያርፉ የሄዱት 9.1 ኪሎ ቀነሱ። በ2021 ደግሞ ስፖርት በሚሰሩ ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ወጣ፣ በሚቀንሰው ስብ ላይ ልዩነት አላገኘም፣ ያረፉት ግን ረሃባቸው ቀለል ብሏል። ስለዚህ ብሬክ ስብ ያቀልጣል ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ጥቅሙ ሳያፈርሱ ረጅም መንገድ መሄድ ነው፣ ለኔ እሱ ይበቃኛል።

መቼ ይሁን? እዚህ ነው እኛ የታደልነው፣ በአል እንደሆነ አያልቅብንም፣ ብሬኩን ከበአሉ ጋር አስታርቁት። ለምሳሌ ጥቅምት 21 የጀመረ ሰው 8 ሳምንቱ ታህሳስ 16 ላይ ይሞላል። ከታህሳስ 17 እስከ 30 ብሬክ ካደረገ ቁልቢም፣ ታህሳስ 19፣ ገናም፣ ታህሳስ 29፣ እዛው ውስጥ ገቡለት። ከድሬ በእግር ወደ ቁልቢ የሚወጣ ሰው ደግሞ የደንገጎን ዳገት በዳይት ላይ ሆኖ መውጣት የለበትም፣ በሰላም ለመመለስም ሲባል። እስከ ገና ጾም ነው ካላችሁ፣ ብሬክ የግድ ስጋ አይደለም፣ መጠኑ ነው የሚጨምረው፣ በጾም ምግብም ይሆናል። ከዛ ጥር 1 ተጀምሮ የካቲት 26 ሌላ 8 ሳምንት ሞላ። ጥምቀት መሀል ላይ ናት፣ አንድ ቀን ናት፣ ተዝናኑባት፣ አንድ ቀን ምንም አታበላሽም።

ሙስሊም የሆናችሁ ደግሞ፣ ረመዳን በየአመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ በየአመቱ አዲስ ካላንደር ነው የምትሰሩት። የኔ ምክር ረመዳንን እራሱን የማቆያ ወር ማድረግ ነው፣ በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ውለው ማታ ደግሞ ካሎሪ መቁጠር ራስን ማሰቃየት ነው። ያው ኪሎ ይዞ ኢድ መድረስ ትልቅ ውጤት ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በሳምቡሳና በጣፋጭ ጁስ ምክንያት ጨምሮ ነው የሚወጣው። በተምርና በሾርባ ፈታችሁ፣ ሰግዳችሁ፣ ከዛ ነው ወደ ዋናው ምግብ መሄድ። ሐረር ያላችሁ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾማችሁ ሹዋሊድን አክብራችሁ ከዛ ቀነሳውን ጀምሩ። ዩኔስኮ እኤአ በ2023 የመዘገበውን በአል በዳይት ማሳለፍ አይገባም፣ ቀልዴን ነው፣ ግን ደግሞ አይደለም።

ብሬኩ ላይ ምን ይበላል? ስትቀንሱ 1,700 ካሎሪ አካባቢ ስትበሉ ከነበረ ብሬክ ላይ 2,100 ወይ 2,200 ነው፣ 4,000 አይደለም። በሳህን ሲታይ ምሳ ላይ ትንሽ እንጀራ ጭማሪ፣ መክሰስ ላይ አንድ ሙዝ ወይ የተቆረጠ ፓፓያ፣ እራት ላይ ሩዙ ከፍ ይላል፣ በቃ። ጭማሪውን ከእንጀራ፣ ከሩዝ፣ ከፍራፍሬ አድርጉት፣ ከዘይት ሳይሆን። ፕሮቲኑ ባለበት ይቀጥላል፣ ወኩ ይቀጥላል፣ ሚዛኑም ይቀጥላል። ለስላሳ ግን ባይመለስ ይሻላል፣ ስንት ደክማችሁ የተላቀቃችሁትን።

ብሬክ በገባችሁ በ3ኛው በ4ኛው ቀን ሚዛን ላይ ስትወጡ 1 ኪሎ፣ አንዳንዴ 2 ኪሎ ጨምራችሁ ታገኙታላችሁ። እዚህ ጋ ነው ሰው ደንግጦ ብሬኩን አቋርጦ ወደ ረሃቡ የሚሮጠው። ቅድም ያልኩት ግላይኮጅን ነው፣ ከነውሃው ተመለሰ፣ በዛ ላይ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብ። 1 ኪሎ ስብ ለመጨመር ከማቆያው በላይ ከ7,000 ካሎሪ በላይ መብላት አለባችሁ፣ በ3 ቀን ውስጥ ያን የበላ ሰው ያውቀዋል። በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ ይቆማል፣ ቀነሳው ሲጀመር በሳምንት ውስጥ ይወርዳል። አሁንም እየወጣ ከሄደ ግን መጠኑ በዝቷል፣ አንድ ነገር ቀንሱ።

ካላንደሩ ሳይደርስም ማረፍ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ከተቀመጣችሁበት ስትነሱ የሚያዞራችሁ ከሆነ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ በትንሹም በትልቁም ከሰው ጋር መጣላት ካበዛችሁ፣ የወር አበባ ከዘለለ። ድሬ ላይ ተቀምጣችሁ ከበረዳችሁማ ምንም ምልክት አትጠብቁ! ፀጉር መርገፍ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ከፍጥነቱ 2 ወይ 3 ወር ቆይቶ፣ ስለዚህ ሰው ከሻምፖው ጋር ነው የሚጣላው። በፍጥነት የቀነሰ ሰው የሀሞት ጠጠርም ሊይዘው ይችላል፣ ከቅባት ምግብ በኋላ ከጎድን ስር በቀኝ በኩል የሚወጋ ህመም ከመጣ ማስታገሻ ውጣችሁ አትተኙ፣ ሀኪም ጋ ሂዱ።

መጀመሪያውኑ ሀኪም ሳያማክሩ መጀመር የሌለባቸው ሰዎች አሉ፦ የስኳር ወይ የደም ግፊት መድሀኒት የሚወስዱ፣ ምክንያቱም ምግቡ ሲቀንስ የመድሀኒቱ መጠንም መስተካከል ሊኖርበት ይችላል፣ የቲቢ ወይም ሌላ ረጅም ህክምና ላይ ያሉ፣ ከ18 አመት በታች የሆኑ ልጆች። እርጉዝ ከሆናችሁ ጭራሽ አይሆንም፣ የምታጠባ እናትም አትቸኩል። ከምግብ ጋር የተጣላ ታሪክ ያለው ሰው፣ በልቶ የሚያስመልስ ወይ ለቀናት የማይበላ፣ ካሎሪ መቁጠር ይብስበታል እንጂ አይረዳውም። እና ሳትሞክሩ ኪሎ እየወረደ ከሆነ ደስ አይበላችሁ፣ ተመርመሩ፣ ስኳርም ቲቢም የእንቅርት ሆርሞን መብዛትም እንደዛ ያደርጋል።

ሒሳቡን ለ84 ኪሎዋ ሴት እንጨርሰው። 72 መድረስ ትፈልጋለች፣ 12 ኪሎ ነው፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብላ 24 ሳምንት። 8 ቀንሳ 2 አርፋ፣ 8 ቀንሳ 2 አርፋ፣ የመጨረሻውን 8 ስትጨርስ 28 ሳምንት፣ ስድስት ወር ተኩል። ረዘመ ትላለች፣ የሰርጉን ሰሞን አስባ። ግን መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ "ባለበት ማቆየት" ተለማምዳለች፣ ያኛዋ በ3 ሳምንት የቀነሰችው አንድም ቀን አልተለማመደችውም።

72 ላይ ስትደርስ ምግቡን በአንዴ አትመልሰውም፣ በየሳምንቱ ከ100 እስከ 200 ካሎሪ እየጨመረች ኪሎው የሚቆምበትን ቦታ ትፈልጋለች፣ ከበፊቱ መጠን ዝቅ ያለ ነው የሚሆነው ምክንያቱም አሁን ሰውነቷ ትንሽ ነው። ከዛ በሳምንት አንዴ ሚዛን። ከ74 በላይ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ካሳያት 3 ወይ 4 ሳምንት ወደ ቀነሳው ትመለሳለች፣ 80 እስኪገባ አትጠብቅም።